ከመርዶው የቀደመ ሻማ

ላጠፋው ነው፣ ላጠፋው ነው ስል ዓመታት አለፉ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ያ ሰማያዊው ነው፤ የሁላችንም ስልክ ላይ ያለው፣ ጠዋት ፊታችንን ሳንታጠብ የምንከፍተው። አሰላ ስመደብ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። አገሬ ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እዚህ ያመጣኝ የመንግሥት ሥራ ነው። ዘመድ የለኝ፣ ባል የለኝ። ታዲያ ከሥራ ስገባ ጋቢዬን ተከናንቤ የአገሬን ሰው የማየው በእሱ ነበር። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ዓረብ አገር ሄደ።

ምን ጠቀመኝ እያልኩ ግን ራሴን እጠይቃለሁ። መንገድ ላይ አይቶኝ አንገቱን የሚያዞር ሰው ፎቶዬ ሥር «የኔ ቆንጆ» ብሎ ይጽፋል። አፉን ከፍቶ እንደምን አደርሽ ብሎኝ የማያውቀው አለቃዬ በየማለዳው ጽጌረዳ አበባ ይልክልኛል። የልደት ቀን የሚባለውንማ ተዉት። ግማሹ የአገሬ ሰው የተወለደው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው ይለኛል፤ ቀኑን የማያውቅ ሁሉ የመጀመሪያውን ነክቶ ስላለፈ። እኔም በዚያ ቀን አብሬ እንኳን ተወለድክ፣ እንኳን ተወለድሽ ስል እውላለሁ። ወይ ሥራ መፍታት!

እናቴ እንደዚህ ዓይነት ስልክ አልነበራትም። የእሷ ቁልፍ ያላት ትንሽዬ ናት፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልኛለች። «እዚያ ነገር ላይ ፎቶሽን አየነው አሉኝ፤ ከስታለች አሉኝ» ትለኛለች።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ነዋ። አገር ያይሻል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላይሽ።»

እስቃለሁ። እሷ አትስቅም። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር የምሄደው። መንገዱ ከነመኪና መቀያየሩ አንድ ቀን አይሞላም፤ ማልዶ የተነሳ ሰው ከሰዓት ላይ ይደርሳል። ግን ሥራ ነው፣ ፈቃድ ነው፣ እየተባለ ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ከእኔ የምትፈልገው። አባቴ ሲሞት ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። «ፈተና ላይ ናት፣ አትረበሽ» ተብሎ ቀበሩትና ፈተናዬን ስጨርስ ነገሩኝ። ጥሩ ውጤት አመጣሁ፤ እሰይ። እናቴ ግን በዚያ ነገር ራሷንም ይቅር አላለችም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር፣ እግሯን እያጠብኩላትም ሆነ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ድንገት ቀና ትልና «እኔ ስቀበር ግን ትኖሪያለሽ፤ አፈር ታለብሺኛለሽ» ትለኛለች። «ኧረ ተይ እማዬ» እላለሁ። «እሺ በይ» ትላለች። እሺ እላለሁ።

ወደ ሰማያዊው ልመለስ። ይሄ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ሰው መግደሉ ነው። ዘፋኙን ጠዋት ይገድለዋል፣ ማታ ሰውየው ራሱ ወጥቶ አልሞትኩም ይላል። ቢሮ ጠረጴዛ የምንጋራው ባልደረባዬ የአሰላ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፣ ሻይ ካልጠጣ አይሠራም፣ ቀልድ ካልቀለደ አይውልም። በየጠዋቱ ሲገባ «ዛሬስ ማንን ገደሉ?» ይለኛል። አንድ ቀን ግን የአገሬ ልጆች ገጽ ላይ የአጎቴን ፎቶ ከሻማ ጋር አየሁት። ቢሮውን በጩኸት አናጋሁት። ሰው ተሰበሰበ፤ ባልደረባዬ ደግፎ አስቀመጠኝ። እንደምንም ቤት ስደውል ስልኩን ያነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቴ! «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለኝ። ለካ የሞተው መልኩም ስሙም ከእሱ ጋር የሚቀራረብ የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ፎቶውን የለጠፈው ልጅ ተሳስቷል። አጎቴ እስካሁን ይስቅብኛል፤ «ለቀብሬ ያለቀስሽውን ቆጥሬልሻለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትደግሚ» ይላል። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው የሚለውን ማመን ተውኩ። ላጠፋው ነው ማለቴን ግን ቀጠልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ነው። ገብሱ ሊታጨድ የደረሰበት ጊዜ ስለነበር ባለጉዳዩ ሁሉ ማሳው ላይ ነው፤ ቢሮው ጭር ብሏል። ባልደረባዬ ወጣ ብሏል። እኔ ስልኬን እጎረጉራለሁ። እናቴን አየኋት።

ፎቶው የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ላይ የተነሳነው ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ፈገግ ብላለች። ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ የእኔ ነው፤ እኔን ቆርጠው አውጥተውኛል፤ እጄ ቀርቷል። ጎኗ የበራ ሻማ አለ። የለጠፈችው ቤሩት ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። «እማምዬ፣ ነፍስሽን በገነት ያኑርልን» ይላል። ሥሩ ሰዎች ነፍስ ይማር ማለት ጀምረዋል።

ምን ተሰማሽ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። እጄን አየሁት፣ ፎቶው ላይ ያለውን እጄን። ቀለበቴን ለየሁት። «ቀለበቱን የት ነው የጣልኩት?» ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ያሳያችሁ! ኮሪደር ወጥቼ እንደገና ስከፍተው ጠፍቷል። ፎቶውም የለም፣ ሻማውም የለም፣ ነፍስ ይማሩም የለም። ሕልም ይሁን እውን አልለየልኝም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እናቴ ጋ ያለው ታናሼ ጋ።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«አገናኘኝ እስቲ።»

«አሁን ተኝታለች። ትንሽ አሟት ነበር፣ ጉንፋን ቢጤ። ተሽሏታል።»

«የምን ጫጫታ ነው?»

«ጎረቤት ነው። ሠርግ አለባቸው፣ ድንኳን እየተከሉ ነው።»

ሻማውን ነገርኩት። ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አጎታችንን የገደለው ማን ነበር? ያን የውሸት ጎተራ አጥፊው አላልኩሽም?» አለኝ።

ይሄን የሚያነብ ሰው «ይቺ ሴት ሞኝ ናት እንዴ?» ይል ይሆናል። ይበል። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሟች ያለበት ቤት ሲደወል ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው እንደሚባል አውቃለሁ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። እኔም ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ በማለዳ ተሰልፌ ሄጃለሁ። ግን ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁት። ውሸታሙ ሰማያዊው ነው፣ ወንድሜ ዋሽቶኝ አያውቅም። ከሁለቱ ማንን ልመን? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔ ያመንኩት ፈረስ ወንድሜ ነበር።

ደግሞ ልንገራችሁ፣ ማመንም አልነበረም። አልተረበሽኩም፣ አልተረጋጋሁም። ቤቴ ገባሁ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ በላሁ።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ ዛሬስ ማንን ገደሉ አላለኝም። ወንበሩን አጠገቤ አስጠግቶ ተቀመጠ። ሻይ አስመጣልኝ፤ እሱ እኮ ለሰው ሻይ ከሚጋብዝ የጭላሎን ተራራ ቢሸከም ይቀለዋል። ትንሽ ቆይቶ «ስልክሽን አንዴ አውሺኝ፣ የኔ ባትሪ ጨርሷል» አለና ይዞት ወጣ። ሲመልስልኝ ሰማያዊው የለም።

«ምን አደረግከው?»

«ስልክሽ ሞልቶ ተጨናንቋል፣ አቀለልኩልሽ። ላጠፋው ነው ላጠፋው ነው ስትይ አልነበር? አጠፋሁልሽ አቦ! ገላገልኩሽ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ወላሂ ታመሰግኚኛለሽ» አለ፤ ሲናገር ግን አላየኝም።

መናደድ ነበረብኝ፤ ያለወትሮዬ አልተናደድኩም። ሌሎቹም ተለውጠዋል። የማይስማሙኝ ሁለት ሴቶች መጥተው ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገውኝ ሄዱ። አለቃዬ በአፉ እንደምን ዋልሽ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ያወቀውን እኔ ብቻ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ምሳ ባልደረባዬ ቤት እንድንበላ ይዞኝ ሄደ፤ ሚስቱ ጠብ እርግፍ እያለች አበላችን። ጨጨብሳ ነበር። ቅቤው ብዙ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ደግሜ በላሁ። ልጃቸው የአስተማሪዋን አረማመድ እያስመሰለች ስታሳየን ከልቤ ሳቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ ተመለስን። እናቴ የተቀበረችው በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። አልተኛሁም ነበር። ስከፍተው ፊት ለፊት የቆሙት አከራዬ ናቸው፤ ሻርፓቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል። ደግ ሙስሊም እናት ናቸው፤ እኔን ልጄ ነው የሚሉኝ። ከኋላቸው ባልደረባዬ አለ፣ ሁለቱ ሴቶች አሉ፣ ከመሥሪያ ቤታችን በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ አሉ። እግዜር ይስጣቸውና ሁሉም ወፍራም ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ የአሰላ ንጋት ቀልድ አያውቅም። ማንም ሰላም አላለኝም። ገብተው ተቀመጡ፣ አልጋው ላይም፣ በርጩማው ላይም።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን…» ብለው ጀመሩ።

«እናቴ ናት አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ። እናትሽ አርፈዋል።»

ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። እንድወድቅ፣ እንድጮህ፣ ደረቴን እንድደቃ ነው የሚጠብቁት። እኔም ጠበቅሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ ገደደ። ለአጎቴ፣ በሕይወት ላለው ሰው፣ ቢሮ ያናጋሁት ሴት ለእናቴ ዝም አልኩ። «ደንግጣ ነው፣ ውሃ አምጡ» አለች አንዷ። ፊቴ ላይ ውሃ ረጩብኝ። ያን በረዶ! ተንቀጠቀጥኩ፤ ማልቀስ ጀመረች ብለው ደስ አላቸው መሰለኝ ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

ያለቀሰው ባልደረባዬ ነው። «ወንድምሽ ደውሎ አደራ አለኝ። በዚያ ነገር እንዳታይ፣ ሰው ሳይኖራት አይታ እንዳትሞትብን አለኝ። ምን ላድርግ?» አለ፤ በጃኬቱ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ።

«መቼ ነው የምትቀበረው?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። «ትናንት» አሉ ሽማግሌው።

ያኔ እንኳ አላለቀስኩም። አከራዬ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጀባዱ ልጄ፣ ጀባዱ፤ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይሉኛል። በርቺ ማለታቸው ነው። በርትቼማ ነበር፤ ችግሩ እሱ ነበር።

መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። አከራዬና ባልደረባዬ አብረውኝ ሄዱ፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይላክም። የኢተያን ከተማ አለፍን። ሰው ስንዴውን እያጨደ ነው፤ አንዲት ሴት ለአጫጆቹ ምሳ ተሸክማ መንገድ ስታቋርጥ ሾፌሩ አሳለፋት። አዳማ ስንደርስ ኔትወርኩ ጥሩ ነበርና ሰማያዊውን መልሼ ጫንኩት። ለምን እንደጫንኩት አላውቅም። ባልደረባዬ አየኝ፣ አልከለከለኝም።

እናቴ ተመልሳለች፤ ከነሻማዋ። መርዶው ስለተነገረኝ አሁን ተፈቅዷል። ሥሯ የማያልቅ ነፍስ ይማር ተሰልፏል። ያ መንገድ ላይ አንገቱን የሚያዞርብኝ ሰውዬ አለ። አለቃዬ የተለመደችውን ጽጌረዳ ልኳል። አንድ የማላውቀው ሰው «መልካም ልደት» ብሎ ጽፏል፤ ሻማ አይቶ ነው መሰለኝ። አንዱን ካንዱ ሳልለይ ሁሉንም አነበብኳቸው። ከፎቶው ሥር የሚነካ ነገር አለ፤ አውራ ጣት አለ፣ ልብ አለ፣ የምታለቅስ ፊት አለች። የምታለቅሰዋ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩና ቆየሁ። እኔ ላላለቀስኩት ለቅሶ እሷን ልልክ? አነሳሁት። ይሄ ነገር ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄዬ ያኔ የተዘጋ መሰለኝ። የእናቴን ሞት እንደ ወሬ ነግሮኝ ሮጠ፤ መሸኛ ግን አልሆነኝም አልኩ። እንደዚህ ብዬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የጎረቤት ሠርግ የተባለው ድንኳን የእኛ ደጅ ላይ ነው። ከመኪና ስወርድ ሴቶቹ ዋይታውን አነሱት። ከሩቅ የመጣ ልጅ እየጮኸ ነው የሚገባው፤ እኔ እየተራመድኩ ገባሁ። ሌሎቹ አለቀሱልኝ። ታናሼ እግሬ ላይ ወድቆ «ይቅር በይኝ፣ መንገድ ላይ ብቻሽን ምን ትሆኚብናለሽ ብለን ነው» አለኝ። አነሳሁት። ምን ልበለው? ያደረገው ደንቡን ነው። አከራዬን ከሴቶቹ መሃል አስቀመጧቸው፤ በማያውቁት አገር፣ ለማያውቋት እናቴ፣ ከእኔ በላይ አለቀሱላት።

ትልቁ ወንድማችን ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ጅማ ነው የሚሠራው፤ ከእኔ በጣም የሚርቀው እሱ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፂሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«መቼ ደረስክ?» አልኩት።

«ትናንት በስድስት ሰዓት። እኔ ስገባ ሊያወጧት ነበር፤ ልሰናበታት ብዬ ነው እስከ ዘጠኝ የቆዩልኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ሻማውን አየሁታ።»

«ወዲያው ጠፋ እኮ።»

«ጠፋ። ስልኬ ነው እንዴ ብዬ ቤት ደወልኩ። ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ተኝታለች አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

ጥያቄው አልገባውም፤ ቀና ብሎ አየኝ። «ከዚያማ ሻንጣ ሳልይዝ ተነሳሁ» አለ። «ደህና ናት ሲሉኝ ነዋ የተነሳሁት።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየገባ እየወጣ ነው፤ እግዜር ያጥናችሁ ይሉናል፣ ብድግ ብለን እንቀመጣለን። ያችው አንዷ ሻማ ጅማ ላለው ደረሰች፤ ያችው «ደህና ናት» አስነሳችው። እኔ በዚያችው ቃል ተቀምጬ ጨጨብሳ በላሁ።

«ለምን አልደወልክልኝም?» አልኩት።

«በስልክ ላርዳሽ? እንዴት ብዬ?» አለ። «ደግሞ አንቺም አይተሽ የተነሳሽ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ከወረደች በኋላ ያንቺንም አፈር እኔ ጣልኩልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ውሃ ለቀዳልኝ ሰው የምለውን ነው ያልኩት።